የጨዋታ መሪ ሥልጣን ምንድን ነው?

የጨዋታ መሪ ሥልጣን ማለት፣ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄድ የሚና ጨዋታ ውስጥ፣ የተጻፈው ደንብ ዝም ባለበት ቦታ «እንግዲህ ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የመስጠት መብት ነው። በእንዲህ ያለው ጨዋታ አራት ወይም አምስት ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ጌም ማስተር ወይም የጨዋታ መሪ የሚባለው አንዱ ግን የቀረውን ዓለም በሙሉ፣ ወንዙን፣ ገበያውን፣ ሽፍታውንና የአየሩን ጠባይ ሳይቀር፣ ይይዛል።

ገበጣ እንዲህ ያለ ሰው አያስፈልገውም፤ ጠጠሩ ይቆጠራል፣ ጉድጓዱም ለሁሉም ይታያል። የሚና ጨዋታ ግን ተጫዋቹ የፈለገውን ሁሉ «እሞክራለሁ» ሊል የሚችልበት በመሆኑ ወደ እንቆቅልሽ ይጠጋል። እንቆቅልሽ ባዩ መልሱን በሆዱ ይዟል፤ «ምን አውቅልህ» የሚለውም መልሱ ሳይለወጥ እንደሚቆየው አምኖ ነው የሚገባው። ጠያቂው ትክክለኛውን መልስ በሰማ ቁጥር በሆዱ ሌላ ቢተካ የሚይዘው ባይኖርም፣ በማግስቱ «ምን አውቅልህ» የሚለው ሰው አያገኝም።

ሥልጣኑ የመጣው ከጦር ሠራዊት ነው። የፕሩሲያ መኮንን የነበረው ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ባቀረበው የጦርነት ጨዋታ፣ ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛው ይሰጣሉ፤ ዳኛውም አንዱ ከሌላው የተሰወረውን እየደበቀ ውጤቱን በዳይስና በሰንጠረዥ ያሰላ ነበር። ስሌቱ አድካሚ ሆኖ በመገኘቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው መኮንን ሰንጠረዡ ቀርቶ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ግምት ይወስን የሚል ሐሳብ አሳተመ። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የሚና ጨዋታ ሲያወጡ መሪውን የጠሩት «ሬፈሪ»፣ ማለትም ዳኛ፣ ብለው ነበር። ስሙ ኋላ ተለወጠ፤ የተደበቀውን መጠበቅና ያልተጻፈውን መፍረድ የሚሉት ሁለቱ ሥራዎች ግን እንዳሉ ቀሩ።

ሥልጣኑ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ እኔ የተረዳሁት ደሴ ውስጥ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል፣ ከጦሳ የወረደው ጉም መስኮቱን በሸፈነበት የሐምሌ ምሽት ነው። ታሪካችን የጨው ነጋዴዎች ጉዞ ነበር፤ መሪያችን የፈጠረልን ወንዝም ሌላ ስም ይሰጠው እንጂ በክረምት የሚሞላውን ቦርከናን ከመምሰል አልዳነም። ነጋዴውን የያዘው ጓደኛችን «በቅሎዬን ይዤ አሁኑኑ እሻገራለሁ» አለ። መሪው «ውሃው ሞልቷል፤ በባለ ሃያው ዳይስ 15 ወይም ከዚያ በላይ አምጣ» አለው። ከሃያዎቹ ገጾች ስድስቱ ብቻ ያሻግሩታል፤ ከመቶ 30 መሆኑ ነው። 10 ብሎት ቢሆን ኖሮ ዕድሉ 55 ይሆን ነበር። መሪ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ የሰውን ዕጣ የሚወስነው እንዲህ ባለች ቁጥር ነው።

«ኧረ ወላሂ ገመድ አለኝ! ባለፈው ሳምንት ገዝቻለሁ፣ ይኸው ተጽፏል» ብሎ ወረቀቱን አሳየ። መሪውም አይቶ፣ ሁለት ጊዜ እንዲጥልና የሚበልጠውን እንዲይዝ ፈቀደለት፤ ዕድሉ በዚህ ብቻ ወደ 51 ከፍ አለ። ጣለ፤ 13 እና 8 መጣ። እስከዚህ ድረስ ያጉረመረመ አልነበረም። መሪው ቀጠለና «በቅሎዋን ጎርፍ ወሰዳት፤ አንተም ፈርተህ ተመለስክ» ሲል ግን ክፍሉ ጸጥ አለ።

በዚያች አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጥፋት ነበረ። አንደኛው፣ የበቅሎዋ መጥፋት ከዳይሱ በፊት አልተነገረም፤ ተጫዋቹ ያስያዘው መሻገሩን ብቻ ሳይሆን በቅሎዋንም መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት ጠዋት እስኪሆን ይጠብቅ ነበር። መሪ ዋጋውን የመተመን ሙሉ መብት አለው፤ ዋጋው የሚነገረው ግን ከሽያጩ በፊት ነው። ሁለተኛው፣ በእኔ አስተያየት የባሰው፣ «ፈርተህ» የሚለው ቃል ነው። ውሃው የመሪው ነው፤ ፍርሃቱ ግን የነጋዴው ነው። ተጫዋች በዚያ ሰፊ ዓለም ውስጥ የያዘው ያችን የአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ ስለሆነ፣ እሷ ከተወሰደችበት ተመልካች ሆኖ ይቀራል። (ዳይሱን ከከለላ ጀርባ ጥሎ ያልወደደውን ቁጥር በሆዱ የሚለውጥ መሪም አለ፤ «ለጨዋታው ጣዕም ብዬ ነው» ይላል። የእንቆቅልሹ ጠያቂ ነገር ነው፤ እኔ አልወደውም።)

ይህን ድንበር በጽሑፍ ያሰፈሩ ጨዋታዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ መሪው ዳይስ አይጥልም፤ ምን ምን ማድረግ እንደሚችል ለእሱም እንደ ተጫዋቹ ተዘርዝሮለታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ፊያስኮ ደግሞ መሪ የለውም፤ ፍርዱን ተጫዋቾቹ እየተቀባበሉ ይሰጣሉ። ሁለቱም የተሳካላቸው ናቸው፤ ነገር ግን ድብቅ ነገር ያለበትን ጉዞ፣ ከተራራው ማዶ ምን እንዳለ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቅበትን፣ ለመጫወት የሚሻ ቡድን አሁንም ያንን አንድ ሰው መምረጡ አይቀርም።

እኛ ዘንድ ክርክሩ ቡናው ሁለተኛ እስኪቀዳ ቆየ። በመጨረሻ መሪው «ይሁን፣ ቃሌን አነሳለሁ» አለና ታሪኩን አንድ እርምጃ መለሰው፤ «በቅሎዋ ውሃው ደረቷ ደርሷል፣ እግሯም ሸርተት እያለ ነው፤ ምን ታደርጋለህ?»

«ገመዱን ከወገቤ አስሬ ልጓሟን እይዛለሁ።»

«12 አምጣ። ካልመጣልህ በቅሎዋ ትሄዳለች፤ ገመዱን ካልፈታህ አንተም ትከተላታለህ።»

ጓደኛችን ዳይሱን በመዳፉ እያገላበጠ ትንሽ አሰበና ጣለው።