አባ ጳውሊን ከመንገድ የመለሰው አስከሬን

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ አንድ ተስካር ላይ ነበርሁ። ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ገና ጠላው ሳይቀዳ፣ ልጆቹ ከድንኳኑ ጀርባ በፎቁና በወፍጮ ቤቱ ይጯጯሃሉ። የአባታቸው ዐርባ ነው እኮ! እናትየው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ያለቅሳሉ፤ ለባላቸው ይሁን ለልጆቻቸው እንጃ።

ቤቴ ስገባ የካቲት 2 በስንክሳር፣ በቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ፣ የሚታሰበው አባ ጳውሊ ትዝ አለኝ። የእስክንድርያ ሰው ነው። አባቱ ሲሞት ወንድሙ ጴጥሮስ የሚበዛውን ርስት ወሰደበት። ተጣሉና ወደ ዳኛ ሄዱ። መንገድ ላይ ጳውሊ አንድ አስከሬን በብዙ ሰው ታጅቦ ሲያልፍ አየና ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ትልቅ ባለጸጋ ነበር፣ ይኸው ሁሉን ትቶ ሄደ አሉት። ጳውሊ ወንድሙን "ና እንመለስ" አለው። ከዚያ በኋላ በረሃ ገብቶ ቁራ በየቀኑ ግማሽ ኅብስት እያመጣለት ኖረ። እኔን የሚገርመኝ ቁራው አይደለም። ያቺ "እንመለስ" ናት። እኛማ ከቀብር መልስ አይደል እንዴ ጠበቃ የምንይዘው!

ልጆቹን ብቻ ግን አልወቅስም። ወላጆች፣ እናንተንም ነው። "ወላጆች ለልጆች ያከማቻሉ" ብሏል ጳውሎስ ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 12፥14። ጥቅሱን ግን ከመሐሉ ነው የምትጀምሩት። ከፊቱ "ያላችሁን ሳይሆን እናንተን ነው የምፈልገው" ይላል። ልጃችሁም የሚፈልገው እናንተን ነው። አባቱን የሚያውቀው ማታ በር ሲከፈት በሚሰማው የቁልፍ ድምፅ ብቻ ከሆነ ፎቁ ምን ያደርግለታል?

ባዶ እጁን አስቀሩት አላልሁም። አስተምሩት፣ መቋቋሚያም ስጡት፤ ግን በቁማችሁ፣ ንስሐ አባታችሁና ሽማግሌ ባሉበት ለይታችሁ ተናገሩ። የተረፈው የድሃ ነው። የጎጃም ሰው ይህ አይጠፋውም ነበር፤ የባለ ብዙ በሬ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ቅኔ ቤት ይገባል (ብዙው ተደብቆ ነው የሚጠፋው)፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ቁራሽ ይለምናል። ያ ልጅ ቅኔውን ይዞ ይመለሳል። በቅኔ ደግሞ ወንድማማች አይካሰስም።

የእነዚያ ልጆች ጉዳይ ፍርድ ቤት ገብቷል አሉኝ። እናትየው ለምስክርነት ተጠርተዋል። የማን ምስክር እንደሆኑ አልጠየቅሁም።