አሮጌ ቴአትር ቤት፦ ሰው የሚለውና ደረሰኙ የሚለው

አሜሪካ ውስጥ በብዙ ትንንሽ ከተሞች የማኅበረሰብ ቴአትር የሚባል ነገር አለ። ተዋናዮቹ ቀን ቀን አስተማሪ፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ ናቸው። ማታ ማታ መድረክ ላይ ይወጣሉ። ቤቱ ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው። አንዱ ጋ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሌላው ጋ የእሳት አደጋ ጣቢያ የነበረ፣ ሌላው ጋ ድምፅ አልባ ፊልም ይታይበት የነበረ ሲኒማ።

እኔም እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ለዓመታት በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ትኬት ቆርጫለሁ፣ ግድግዳ ቀብቻለሁ፣ ቦርድ ገብቼም ስለ ጣሪያ እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጭቄአለሁ። ሰው ሲያገኘን የሚለን ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ታድላችሁ! ቤቱ የራሳችሁ፣ ሠራተኛው በነጻ፣ ግብር የለባችሁ!» እንደዚያ አይደለም። በነጻ መጣ የተባለው ሁሉ ከኋላው ደረሰኝ አስከትሎ ነው የሚመጣው። እስቲ እንያቸው። (ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ለትርፍ ያልተቋቋመ ነውና ማትረፍ አይፈቀድለትም»

ዕድርን አስቡ። በዓመቱ መጨረሻ የዕድሩ ካዝና ውስጥ ገንዘብ ቢተርፍ ማንም ወንጀል ነው አይልም። ወንጀል የሚሆነው ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ቁጭ ብለው የተከፋፈሉት እንደሆነ ነው። የአሜሪካው 501 ሲ 3 የሚባለው ሕግም በዚህ በኩል ከዕድር አይለይም። ማትረፍ ይቻላል። ትርፉ ግን የማንም ኪስ አይገባም፣ ለተቋቋመለት ዓላማ ይውላል። እንዲያውም ምንም የማይተርፈው ቴአትር ቤት ቦይለሩ የፈነዳ ቀን ይዘጋል።

«ግብር የለባችሁም» የሚለውም ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ለተቋቋምንበት ዓላማ ከምንሠራው በምናገኘው ገቢ ላይ የፌዴራል የገቢ ግብር የለብንም። ደመወዝ የምንከፍለው ሰው ካለ ግን የደመወዝ ግብር አለ። የንብረትና የሽያጭ ግብሩ እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ፎርም 990 የሚባል ዓመታዊ መግለጫም አለ፤ ለትንንሾቹ አጠር ያለ ቅጽ ተዘጋጅቶላቸዋል። ማንም ሰው ጠይቆ ሊያየው ይችላል። ደስ የማይለው ጎረቤትም ጭምር።

«ትኬቱ ካለቀ ምን ጎደላችሁ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ለምሳሌ ያህል እናስላ። 120 ወንበር አለን እንበል። ትኬቱ 20 ዶላር፣ ትርኢቱ 8 ቀን። ሁሉም ቀን አንድ ወንበር ሳይቀር ቢሞላ 19,200 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም አይመጣም። ከዚህ ላይ የተውኔቱ የመብት ክፍያ ይወጣል። ለመድረኩ ጣውላና ቀለም አለ፣ አልባሳት አለ። ሙዚቃዊ ከሆነ ሙዚቀኞቹ ይከፈላቸዋል። ከዚያ ኢንሹራንስ፣ መብራት፣ የብርድ ወራት ማሞቂያ። የተረፈው ለጣሪያው ይቀመጣል። ጣሪያው ደግሞ ስንት እንደሚፈልግ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው «ምን ጎደላችሁ» የሚለው።

ባለሱቅ ገበያ ሲደራለት ዕቃ ይጨምራል። እኛ ወንበር መጨመር አንችልም፤ ግድግዳው ባለበት ነው የቆመው። ይባስ ብሎ የድሮ ወንበር ጠባብ ነው። ሲያረጅ በሰፊው ስንቀይረው ቁጥሩ ይቀንሳል። ለዊልቼር ቦታ ስናወጣ ደግሞ ሌላ ይቀንሳል። ቤቱ ባማረ ቁጥር የሚሸጠው ትኬት እያነሰ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ አብዛኛው ቤት የሚኖረው በመዋጮ፣ በስፖንሰር፣ በአዳራሽ ኪራይና በልጆች የክረምት ሥልጠና ነው። የገና ሰሞን ትርኢት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የማይሸጡትን ተውኔቶች ተሸክሞ ይሄዳል።

ኒው ኦርሊንስ፣ ፈረንሳይ ሰፈር በሚባለው ውስጥ፣ ጃክሰን አደባባይ አጠገብ አንድ ቴአትር ቤት አለ፤ ለ ፕቲ ቴአትር ይባላል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1916 ነው። አሁን ያለበት ጥግ ላይ ከ1922 ጀምሮ አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጦ ማን ይከስራል? ግን ዕዳው እየከበደ ሄዶ በ2010 መጨረሻ ገደማ ትርኢቱን አቋረጠ። በ2011 ከይዞታው 60 በመቶ የሚሆነውን በ3 ሚሊዮን ዶላር ለምግብ ቤት ነጋዴዎች ሸጠ። ዕዳው ተከፈለ፣ ዋናው መድረክ ታደሰ፣ በ2013 መጋረጃው እንደገና ተከፈተ። ዛሬ አንድ ሕንፃ ውስጥ በአንድ በኩል እራት ይበላል፣ በሌላው በኩል ቴአትር ይታያል። ከቤት ላይ ቆርሶ መሸጥ ያማል። እኔ ግን እዚያ ቦርድ ውስጥ ብኖር ይሸጥ ብዬ እጄን አወጣ ነበር።

«ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ መንግሥት ያድሰዋል፣ ባለቤቱ ግን ሚስማር እንኳ መምታት አይችልም»

ሁለቱም ስህተት ናቸው። ሁለቱን አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲላቸው መስማቴም ይገርመኛል።

በ1966 በወጣው ሕግ የተደነገገ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ አለ። ቤቱ እዚያ ሲመዘገብ ክብር ያገኛል፣ አንዳንድ ድጎማ ለመጠየቅም በር ይከፈትለታል። በር ላይ የምትለጠፈውን የነሐስ ሰሌዳ ግን ብዙ ጊዜ ራስህ ነህ የምትገዛት። ባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ የሚያድስ ከሆነ መዝገቡ ብቻውን አያግደውም።

የሚያግደው የአካባቢው ደንብ ነው። ከተማው የታሪካዊ ሰፈር ኮሚሽን ካለው፣ ከመንገድ የሚታየውን ለመቀየር ማስፈቀድ ግድ ነው። የእኛ ቤት የፊት መስኮቶች የእንጨት ናቸው። ነፋስ ያስገባሉ። በፕላስቲክ እንቀይር ብለን ጠየቅን፣ አልተፈቀደም። እንጨቱን ማስጠገን ደግሞ ከአዲሱ በለጠ። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። አሁን ማታ መብራት ሲበራ ከውጭ ሳየው ኮሚሽኑ ልክ ነበር መሰለኝ።

ለታሪካዊ ቤት እድሳት የሚሰጠው የፌዴራሉ 20 በመቶ የታክስ ክሬዲትም ሁልጊዜ ይነሳል። «ለምን አትጠይቁም?» ክሬዲት ማለት ከምትከፍለው ግብር ላይ የሚቀነስ ነው። የገቢ ግብር የማይከፍል ድርጅት ከምኑ ላይ ይቀንሳል? መንገድ አለው፤ ግብር የሚከፍል ባለሀብት በሽርክና ይገባል፣ ሕንፃው በውል ይያዛል፣ ጠበቃና ሒሳብ አዋቂ ይቀጠራል። ለትልቅ እድሳት ያዋጣል። ለአንድ ጣሪያ ግን ጠበቃው ጣሪያውን ይበላዋል።

«አሮጌ ቤት ለእሳት ቅርብ ነው፣ አዲስ ይሻላል»

በቴአትር ቤት ታሪክ ከተከሰቱት አሰቃቂ ቃጠሎዎች አንዱ የደረሰው አዲስ ቤት ውስጥ ነው። የቺካጎው አይሮኳይ ቴአትር በኖቬምበር 1903 ሲከፈት «ፈጽሞ እሳት አይነካውም» ተብሎ ማስታወቂያ ወጥቶለታል። ዲሴምበር 30 ቀን፣ የበዓል ሰሞን የቀን ትርኢት ላይ፣ ከመድረክ መብራት የተነሳ እሳት መጋረጃ ያዘ። እሳት መከላከያ የተባለው መጋረጃ ሲወርድ መንገድ ላይ ተሰነቀረ። መውጫ በሮቹ አንዳንዶቹ ተቆልፈው፣ አንዳንዶቹ በመጋረጃ ተሸፍነው ነበር። መቀርቀሪያቸውን መክፈት የማያውቅ ሰው እላያቸው ላይ ተረፈረፈ። ከ600 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ።

ዛሬ የመውጫ በር ላይ ያለውን አግዳሚ ብረት አይታችሁታል። በሰውነት ሲገፉት የሚከፍተውን ማለቴ ነው። እሱ የዚያ ቀን ልጅ ነው። ለዚያ ትርኢት ትኬት ኖሮት ሳይሄድ የቀረ አንድ የብረታ ብረት ሻጭ ነገሩ ዕረፍት ነሥቶት ከአንድ መሐንዲስ ጋር አሠርቶ ለገበያ አቀረበው።

ስለዚህ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው ሲመጣ የሚጠይቀው በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል ወይ፣ ኮሪደሩ ላይ የተከመረ ነገር አለ ወይ፣ የመውጫው መብራት ይሠራል ወይ ነው። የቤቱ ዕድሜ ራሱን ችሎ የሚያመጣው ሌላ ጣጣ አለ። ከ1978 በፊት የተቀባ ግድግዳ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፣ በዘፈቀደ አይፋቅም። የጥንት የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። አስቤስቶስ የሚባል፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ዕቃ አለ። ጣውላ አንስቶ «እኔ በአንድ ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ» የሚል ጎበዝ በጎ ፈቃደኛ ከእሳቱ እኩል ያስፈራኛል።

«ታሪካዊ ቤት ስለሆነ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አይመለከተውም»

ይመለከተዋል። የ1990ው ሕግ ታሪካዊ ቤቶችን አላወጣም። ማስተካከያው የቤቱን ታሪካዊነት የሚያጠፋ ከሆነ ሌላ ዘዴ እንዲፈለግ ይፈቅዳል፤ ዝም ብሎ ማለፍን አይፈቅድም። ከዋናው ደረጃ ይልቅ በጎን በር መወጣጫ መሥራት አንዱ ዘዴ ነው።

«ነጻ ትርኢት ነው፣ ፈቃድ ምን ያደርጋል?»

ያስፈልጋል። መግቢያው በነጻ ቢሆን፣ ገቢው ለበጎ አድራጎት ቢሆን፣ ተዋናዮቹ ሳንቲም ባያገኙ፣ የመብት ባለቤቱ ካልፈቀደ ማሳየት አይቻልም። የሙዚቃዊ ትርኢት ክፍያ ብዙ ጊዜ በወንበሩ ብዛትና በትኬቱ ዋጋ ይሰላል። ያለ ፈቃድ አንድ መስመር መቁረጥ ወይም የገጸ ባሕርይን ጾታ መቀየርም ውል ማፍረስ ነው። ሼክስፒር በነጻ ነው፤ የአዲስ ተርጓሚ ሥራ ከሆነ ግን እሱም አይደለም።

«መንፈስ አለበት ይባላል»

ማታ ሁሉም ሲወጣ መድረኩ መሀል አንዲት አምፖል በርታ ታድራለች። ለመናፍስቱ ነው ይባላል። እኔ የማውቀው ጠዋት ቀድሞ የሚገባው ሰው በጨለማ ከመድረክ ጫፍ እንዳይወድቅ መሆኑን ነው። ጸጥ ባለ ትዕይንት መሀል «ኳ! ኳ!» የሚለውም ሙት አይደለም። የእንፋሎት ማሞቂያው ቧንቧ ውስጥ ውሃ ታቁሮ ነው። አንድ ጊዜ ተዋናይቷ እናቷ እየሞተች ስታለቅስ አንኳኳ። ቀና ብላ «ማን ነው?» አለች። ተመልካቹ በሳቅ ሞተ።

«አማተር ናቸው፣ ዛሬ አሉ ነገ የሉም»

ቦስተን ውስጥ ጀማይካ ፕሌን በሚባለው ሰፈር ፉትላይት ክለብ አለ። ከ1877 ጀምሮ አለ። የሚጫወትበት ኤልየት አዳራሽ ደግሞ ከእሱም የቀደመ፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ነው። በ1889 አዳራሹ ሊፈርስ ሲል አባላቱ አዋጥተው ገዙት። የእኛው ሀገር ፍቅርም ዛሬ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር ያለ ቴአትር ቤት ቢሆንም፣ በእኛ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ሲጀመር ማኅበር ነበር።

ለረጅም ዕድሜ ግን በጎ ፈቃደኛ ማብዛት ብቻ አይበቃም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የትኛው ሎሚ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ቶሎ ይደክማል። የመጨረሻው ትርኢት እሑድ ሲያልቅ ያንኑ ማታ መድረኩ ይፈርሳል። ንጉሡ ዘውዱን አውልቆ ሚስማር ይነቅላል። ጎበዝ ተዋናይ ሆኖ በዚያ ሰዓት የሚጠፋ አለ። በሚቀጥለው ትርኢት ሚና ሲሰጥ ይህ ይታወሳል፣ ማንም በአፉ አይናገረውም እንጂ።

«ቴአትር ቤት ስለሆነ ለሌላ ነገር አያከራዩም»

ኧረ እንለምናለን። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለልጆች ፕሮግራም አዳራሽ የምትፈልጉ ወገኖች፣ ሰፈራችሁ ያለውን የማኅበረሰብ ቴአትር ጠይቁ። ለበጎ አድራጎት ማኅበራት የተለየ ዋጋ ካለ ጠይቁ። የአንድ ቀን ኢንሹራንስ ብዙ ቦታ ይጠየቃል፣ ቀድማችሁ ጨርሱት። ልምምድ ያለበትን ሳምንት ካልነካችሁ ሥራ አስኪያጁ ወዳጃችሁ ይሆናል። ቡና የምታፈሉ ከሆነም ንገሩን። የጭስ ጠቋሚው ዕጣንን ከእሳት አይለይም፤ ባለፈው እሳት አደጋዎች ከነመኪናቸው መጥተው፣ ሁለተኛውን ቶና ጠጥተው ነው የሄዱት።