ተደጋጋሚና ውዝፍ ሥራዎች በሥራ ዝርዝር መተግበሪያዎች፦ ከባሕር ዳር አጠቃቀም ጋር የተዛመደ አጠቃላይ ዳሰሳ

የሥራ ዝርዝር መተግበሪያ ሰው ሊፈጽማቸው ያሰባቸውን ጉዳዮች ከነቀናቸው የሚመዘግብበት፣ ሲፈጽማቸውም ምልክት የሚያደርግበት የስልክ ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ሥራ ለየትኛውም መተግበሪያ አያስቸግርም። አስቸጋሪው ተሠርቶ ካበቃ በኋላ ተመልሶ የሚመጣው ሥራ ነው፤ በተለይም ሳይሠራ ቀኑ አልፎ ውዝፍ ሲሆን፣ ቀጣዩ ተራ ከየት ተነሥቶ እንደሚቆጠር መተግበሪያው መወሰን ይኖርበታል። በባሕር ዳር በሆቴል፣ በጀልባ አገልግሎት፣ በንግድና በማስተማር ሥራ ለተሰማሩ ሰዎች ደግሞ ኑሯቸው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ ስልካቸው በጎርጎርዮሳዊው ስለሚሄድ፣ ጉዳዩ ሌላ ውስብስብነት ይጨምራል።

ተደጋጋሚ ሥራ በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ከቀን መቁጠሪያ ጋር የታሰረው ሲሆን የዕድር መዋጮ፣ የቤት ኪራይና የወር ሪፖርት በዚህ ውስጥ ይመደባሉ፤ የዚህ ወር መዋጮ በአሥር ቀን ዘግይቶ ቢከፈል የሚቀጥለው ወር ክፍያ በአሥር ቀን አይገፋም። ሁለተኛው ካለፈው ፍጻሜ ተነሥቶ የሚቆጠረው ነው። የውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር በየሦስት ወሩ የሚያጥብ የእንግዳ ማረፊያ አንዱን ዙር በሦስት ሳምንት ቢያዘገይ፣ ቀጣዩ እጥበት ታንከሩ በእርግጥ ከታጠበበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ቢቆጠርለት ይሻላል። ወደ ዘጌ መንገደኛ የሚያመላልስ ጀልባ የሞተር ዘይት ቅየራም የሁለተኛው ወገን ነው፤ ሆኖም የዘይቱን ዕድሜ በይበልጥ የሚወስነው ሞተሩ የሠራበት ሰዓት ስለሆነና መተግበሪያው የሚያውቀው ቀንን ብቻ ስለሆነ፣ እንግዳ በሚቀንስበት ወቅት ያለጊዜው፣ በሚበዛበት ወቅት ደግሞ ዘግይቶ ያስታውሳል። እንዲህ ያለውን ሥራ በመዝገብ ሰዓት ቆጥሮ መከታተል ከመተግበሪያው ይልቅ አስተማማኝ ነው።

ሁለቱን ዓይነቶች የሚለዩ መተግበሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረው ቱዱኢስት በድግግሞሽ ቃሉ ላይ ትእምርተ አንክሮ (!) ሲጨመርበት ቀጣዩን ቀን ከፍጻሜው ዕለት ያሰላል፤ ሳይጨመርበት ግን የቀን መቁጠሪያውን ይከተላል። ሪመምበር ዘ ሚልክ ለሁለቱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ይጠቀማል። ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ ሁሉንም ሥራ በአንድ ዓይነት ደንብ ማስገባት የተለመደ ነው፤ በብዙ ሰው ስልክ ላይ ለሚከማቸው የውዝፍ ክምር ከስንፍና ይልቅ ተጠያቂው ይኸው የደንብ ስሕተት ይመስላል።

ያለፉት ተራዎች ምን ይሁኑ ለሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሰጡት አንዱ ካርስተን ዶሚኒክ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረውና በኢማክስ የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ የሚሠራው ኦርግ ሞድ ነው። በዚህ ፕሮግራም አንድ የመደመር ምልክት ያለበት ሥራ ሲፈጸም ቀኑ በአንድ ተራ ብቻ ይራመዳል፤ ስለዚህ የሦስት ወር መዋጮ የቀረበት የዕድር አባል ሦስት ጊዜ ምልክት ካላደረገ ከውዝፍ አይወጣም። ለገንዘብ ዕዳ ትክክለኛው ይህ ነው፤ የአንድ ወር ክፍያ የሦስቱን ወር አይሰርዝምና። ሁለት የመደመር ምልክት ሲሆን ያለፉት ተራዎች ታልፈው ሥራው ወደሚመጣው መደበኛ ቀን ይዘላል። ዘወትር እሑድ ወደ ወላጆቹ የሚደውል ተማሪ ሦስት እሑድ ቢዘነጋ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ አይደውልም፤ ቀጣዩ ጥሪ ግን እሑድ መዋሉን አይለቅም። ከመደመሩ በፊት ነጥብ ሲቀመጥ ቆጠራው ከዛሬ ይጀምራል፤ የታንከሩ እጥበት የሚገባው እዚህ ነው።

የቀን መቁጠሪያው ጉዳይ ከሁሉ ሰፊ ነው። መተግበሪያዎች የድግግሞሽ ደንብ የሚለዋወጡበት ዋናው መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ 5545 የተባለው የኢንተርኔት መስፈርት ሰነድ ሲሆን፣ ደንቡ የሚሰላው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጨመረው አር.ኤፍ.ሲ 7529 የኢትዮጵያን ጨምሮ በሌሎች አቆጣጠሮች መድገምን ቢፈቅድም፣ አብዛኞቹ የታወቁ መተግበሪያዎች ይህን ምርጫ ለተጠቃሚው አያቀርቡም። ውጤቱን ወር በገባ በ12 የሚካኼል ማኅበር ያለው ሰው በቀላሉ ያየዋል። በአብዛኛው ዓመት መስከረም 12 ሴፕቴምበር 22፣ የካቲት 12 ፌብሩዋሪ 19፣ ነሐሴ 12 ደግሞ ኦገስት 18 ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚብተው ዓመት፣ ለምሳሌ በ2016፣ መስከረም 12 ወደ ሴፕቴምበር 23 ይገፋል። ስለዚህ «በየወሩ በ22» የሚል ደንብ ጥቂት ወራት ቆይቶ ከማኅበሩ ቀን ይለያል።

«በየ30 ቀኑ» የሚለው ደንብ ይሻላል፣ ግን ጳጉሜ ላይ ይሰናከላል፤ ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ያለው ርቀት 35 ወይም 36 ቀን ነውና። የሚሠራው መፍትሔ ደንቡን መስከረም ላይ ጀምሮ በ12 ተራ እንዲያበቃ ማድረግና በየአዲስ ዓመቱ እንደገና መክፈት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ይህ ማስተካከያ በኢትዮጵያ ወር ለሚቆጠር የቤት ኪራይም ያገለግላል። ደንቡ ግን ከቀን መቁጠሪያ ጋር የታሰረው ዓይነት መሆን አለበት፤ ከፍጻሜ የሚቆጥረው ከተመረጠ አንድ ቀን መዘግየት ዓመቱን ሙሉ ያዛባል። የረቡዕና የዓርብ ጾም በሳምንታዊ ደንብ ያለችግር ይገባል። ፋሲካንና ቀናቸው ከእሱ ጋር የሚለዋወጠውን በዓላትና አጽዋማት ግን መስፈርቱ የሚገልጽበት መንገድ የለውም፤ በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ግዢውን አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ምግብ ቤት የጾሙን መግቢያ በየዓመቱ ከባሕረ ሐሳብ አይቶ በእጁ መመዝገብ አለበት።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ አስቦ «2» ብቻ የሚጽፍ ሰው አስታዋሹ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሊቀሰቅሰው ይችላል። በብዙ መተግበሪያዎች ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በመሆኑም፣ የሌሊት ተረኛ ነርስ ገና በሥራ ላይ ሳለች የዕለቱ ሥራ ውዝፍ ተብሎ ይመዘገብባታል። ኦርግ ሞድ የቀኑን ማብቂያ በተወሰነ ሰዓት ማራዘም ይፈቅዳል፤ ይህን የሚፈቅዱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በአቀራረብ ረገድ አንዳንዶቹ መተግበሪያዎች ውዝፉን በቀይ ጽፈው ከላይ ይደረድራሉ፤ ቱዱኢስት ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ሌላ ቀን የሚያዛውር አዝራር አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ማይክሮሶፍት ቱ ዱ «የእኔ ቀን» የሚለውን ገጽ በየሌሊቱ ባዶ አድርጎ ያልተሠሩትን በአስተያየት መልክ ያቀርባል። የመጨረሻው አሠራር ለግል ሥራ ያመቻል፤ የሌላ ሰው ገንዘብ ወይም ቀጠሮ ባለበት ሥራ ላይ ግን ውዝፉ እስኪፈታ ድረስ ከዓይን መራቅ የለበትም።

ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡ አንድ ተጨማሪ መመዘኛ አምጥቷል። መረጃውን በስልኩ ላይ የሚያኖር መተግበሪያ ያለ መስመርም ተራውን ያሰላል፤ በሁለት ሰዎች የሚጋራ ዝርዝር ግን መስመሩ እስኪመለስ አይተያይም። ሁለቱም ባልደረቦች አንዱን ተደጋጋሚ ሥራ በየስልካቸው እንደተፈጸመ ካመለከቱ፣ ዝርዝሩ ሲገናኝ ሥራው ሁለት ተራ ሊራመድና አንዱ ዙር ሳይሠራ ሊታለፍ ስለሚችል፣ መስመር በሚቆራረጥበት አካባቢ ለእያንዳንዱ የጋራ ተደጋጋሚ ሥራ ምልክት የሚያደርገውን ሰው አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።