የፊንላንድ ባለ እባብ ጥርስ ቴምብሮች፦ እውነተኛውን ከተጠጋገነው መለየት

ፊንላንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሩሲያ ዛር ሥር ያለች ግዛት ነበረች። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቿ እ.ኤ.አ. በማርች 1856 ወጡ። ሞላላ ነበሩ፤ ጥርስ ስላልነበራቸው አንዱን ከሌላው የሚለየው መቀስ ነበር። በ1860 አንበሳ ያለበት የግዛቲቱ አርማ የታተመባቸው፣ አራት ማዕዘን የሆኑ የ5 እና የ10 ኮፔክ (የሩሲያ ሳንቲም) ቴምብሮች በቦታቸው ተተኩ። ሰብሳቢዎችን እስከ ዛሬ የሚያነታርከው ጠርዝም ያኔ መጣ።

እኛ የምናውቀው ቴምብር በክብ ቀዳዳዎች ነው የሚገነጠለው። የፊንላንዱ ግን አልተበሳም፣ ተቆረጠ እንጂ። ስለቱ በሁለት ቴምብሮች መሀል እንደ እባብ እየተጥመለመለ ያልፋል። ወረቀት ተቆርጦ አይወድቅም፤ የአንዱ ጥርስ በሌላው ጥርሶች መሀል እንደ ዚፕ ይገባል። ሲያዩት ያምራል፣ ሲገነጥሉት ግን መከራ ነው። ጥርሱ ተቀድዶ ጎረቤት ቴምብር ላይ ይቀራል፣ ወይም ተጣጥፎ ይረግፋል። ስለዚህ የዚያ ዘመን የፊንላንድ ቴምብር በአብዛኛው ጥርሰ ወላቃ ነው። አንድ ሁለት ጥርስ የጎደለው እንደ ጥሩ ይቆጠራል፤ ሁሉም ጥርሱ የተሟላ ብርቅ ነው፣ ዋጋውም ሰማይ ነው።

ማጭበርበሩ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ቴምብሩን ከነምስሉ አስመስሎ ማተም ይከብዳል። እውነተኛ ቴምብር ላይ የጎደለ ጥርስ መቀጠል ግን ቀላል ነው። በኔ እይታ ገዢ ይበልጥ መፍራት ያለበት ሙሉ በሙሉ ፎርጅድ የሆነውን ሳይሆን ይህን የተጠገነውን ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ጥርሱን መለካት ነው። ሰብሳቢዎች ቁርጡን በአራት ዓይነት ይከፍሉታል። የአንደኛው ጥልቀት ከ1 እስከ 1.25 ሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው ከ1.5 እስከ 1.75፣ ሦስተኛው ደግሞ ከ2 እስከ 2.25 ሚሊሜትር ይደርሳል። አራተኛው በጥልቀቱ ሳይሆን በቅርጹ ይታወቃል፤ ጥርሶቹ አካፋ ይመስላሉ። የ1860ዎቹ የኮፔክ ቴምብሮች የሚገኙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች ነው። ስለዚህ የ5 ኮፔክ ቴምብር 2 ሚሊሜትር ጥርስ አውጥቶ ከመጣ፣ አንድ ሰው በኋላ ቆርጦታል ማለት ነው። ጠርዙ በድጋሚ የተቆረጠ ቴምብር ከምስሉ ውጪ ያለው ክፍት ቦታ ስለሚጠብበትም ይታወቃል።

ፊንላንድ የራሷን ገንዘብ፣ ማርካን፣ በ1860 ብታገኝም፣ በፔኒ የተተመኑት ቴምብሮች የመጡት ከ1866 ጀምሮ ነው። አንድ ማርካ 100 ፔኒ ነው። እነዚህ ቴምብሮች ለመርማሪ ትልቅ እርዳታ አላቸው፤ አብዛኞቹ የታተሙት በቀለማማ ወረቀት ላይ ነው። 8 ፔኒው በአረንጓዴ ወረቀት ላይ ጥቁር ነው፤ 20 ፔኒው በሰማያዊ ላይ ሰማያዊ ነው። ጥርስ የሚቀጥል ሰው ተመሳሳይ ቀለም ያለው፣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው፣ የዘመኑን ወረቀት ማግኘት አለበት። ብዙ ጊዜ ከሌላ ርካሽ ቴምብር ቆርጦ ነው የሚለጥፈው። በቀለም የማይመሳሰለውን ቀብቶ ያመሳስለዋል። የ1867ቱ የ1 ማርካ ቡናማ ቴምብር ውድ ስለሆነ በተለይ እሱን ደጋግሞ ማየት ይበጃል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ ወረንጦ፣ ጥሩ አጉሊ መነጽር፣ ቤንዚን እና የአልትራቫዮሌት መብራት። ቴምብሩ በጥቁር ሳህን ላይ ሆኖ ቤንዚን ሲነካው የተቀጠለበት ቦታ ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። በመብራቱ ሥር ደግሞ የዘመናችን ወረቀት ደምቆ ያበራል፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት አያበራም። መብራቱ ሌላም ጉድ ያወጣል። የፊንላንድ ፖስታ ቤቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቴምብርን በብዕር ይሰርዙ ነበር። ያንን ቀለም አጥቦ "ያልተጠቀሙበት ነው" ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም። ታጥቦ የጠፋው ጭረት ግን በመብራቱ ሥር ብዙ ጊዜ ጥላው ይታያል።

ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው ማህተሙ ነው። የማህተሙ ቀለም ከቴምብሩ ወጥቶ በጥርሱ ላይ አልፎ ፖስታው ላይ የወረደ ከሆነ መስመሩን ተከተሉት። በጥርሱ ሥር ተቆርጦ እንደገና የሚጀምር ከሆነ ጥርሱ በኋላ የመጣ ነው። ጥርስ በጎደለበት ክፍተት የማህተሙ ቀለም ፖስታውን ነክቶት ከሆነ ደግሞ ቴምብሩ ሲላክም እንደዚሁ ጎዶሎ ነበር። እንዲህ ያለ ቴምብር ጉድለቱ የራሱ ነው፤ እኔ ብሆን ከተጠገነ "ሙሉ" ይልቅ ገንዘቤን እሱ ላይ አወጣለሁ።

በ1875 መደበኛ ቀዳዳ ያላቸው አዲስ ቴምብሮች መጡ። ከእነሱ አንዱ፣ የ32 ፔኒው፣ የታተመው ኮፐንሃገን ነው። ለ15 ዓመት የቆየው እባባማ ቁርጥም ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ። ውድ ቴምብር ለመግዛት ያሰበ ሰው ከመክፈሉ በፊት የፊንላንድ ቴምብር አዋቂ የሰጠውን የምስክር ወረቀት ይጠይቅ። ወረቀቱ ላይ "እውነተኛ" የሚለውን ብቻ ሳይሆን ስለ ጥርሶቹ የተጻፈውን መስመር ያንብብ፤ ቴምብሩ እውነተኛ ሆኖ ጥርሱ የተቀጠለ ሊሆን ይችላልና።