«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት

ስለ መርሳት በሽታ፣ ማለትም ስለ ዲሜንሺያ፣ በየቤቱ ከሚባሉት ጥቂቱን ላንሳ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እርጅና ነው፤ ሰው ሲያረጅ መርሳቱ የት ይቀራል?»

ግማሹ ልክ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የሰው ስም አፍ ላይ መጥቶ ይጠፋል፤ ቁልፍ የት እንደተቀመጠ ይረሳል። ቆየት ብሎ ግን ትዝ ይላል። በሽታው ሌላ ነው። አርባ ዓመት ዶሮ ወጥ ሲሠሩ የኖሩ እናት ሽንኩርቱን ጥደው፣ ቀጥሎ የሚገባው ጠፍቷቸው በርበሬውን እንደያዙ ከቆሙ፣ ወይም ከሚሳለሙት ደብር ሲመለሱ የገዛ ሰፈራቸው ከጠፋባቸው፣ «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ደግሞ የአዛውንት ብቻ በሽታ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 ስለ በሽታው ሲናገር የጠቀሳት ሴት ሆስፒታል የገባችው በ51 ዓመቷ ነበር።

«ሐኪም ጋ ቢሄዱስ ምን ሊያደርግላቸው?»

አልዛይመርን፣ ማለትም በዚያ ሐኪም ስም የተጠራውን ዋነኛ የዲሜንሺያ ዓይነት፣ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። የሚረሳ ሁሉ ግን አልዛይመር የለበትም። የቢ12 ቪታሚን እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ድብርት፣ እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ከመውደቅ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም፦ እነዚህ ሁሉ የመርሳት በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ። በጊዜ ከተደረሰባቸው ደግሞ ሕክምና አላቸው። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ከሹሮ ሌላ ብዙም የማይቀምሱ፣ ወይም ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዱ አዛውንት ይህን ቢመረመሩ ጥሩ ነው።

«በዘራችን አለ፤ አይቀርልኝም»

ከወላጅ በቀጥታ የሚወረሰው ዓይነት ከመቶ የአልዛይመር ሕሙማን አንዱን እንኳ አይሞላም። ዕድልን ከፍ የሚያደርጉ ዘረ መሎች አሉ፣ ግን ፍርድ አይደሉም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች በ2024 ልናስተካክላቸው የምንችል 14 ምክንያቶችን ዘርዝረዋል። ሁሉም ቢወገዱ ከዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላሉ። ስኳር፣ ሲጋራ፣ መጥፎ ኮሌስትሮል፣ የተበከለ አየር፣ ብቸኝነት፣ አለመማር ሁሉም አሉበት።

«ግፊቴ ሲነሳ ይታወቀኛል»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ደም ግፊት አይታወቅም። በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ ገደማው እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። እኛ ቤት ደግሞ የታወቀውም ሰው ኪኒኑን የሚውጠው ራሱን ሲያመው ነው። የእማማን መቀነት ፍቱት እስኪ፦ ከወር በፊት የተገዛው ኪኒን ሦስት ፍሬ ብቻ ጎድሎለት ታገኙታላችሁ። «ዛሬ ደህና ነኝ፤ ነጭ ሽንኩርትም በልቻለሁ» ነው መልሱ። በዚያ መሀል የአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ አንዳንዴ በስትሮክ፣ አንዳንዴ ማንም ሳያውቅ በዝግታ።

አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ9,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት በ2019 ወጥቶ ነበር። የላይኛው የግፊት ቁጥር ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት፣ ከ140 በታች ከተባለላቸው ይልቅ ቀለል ያለ የማስታወስና የማሰብ ችግር የገጠማቸው 19 በመቶ ባነሰ መጠን ነው። በዲሜንሺያ በራሱ ላይ የታየው ልዩነት ግን እርግጠኛ የሚያሰኝ አልነበረም። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ሰው ስንት ይሁን የሚለውን ሐኪሙ ይወስን። ዋናው ግን ጉዳቱ የሚጀምረው በሰባ ዓመት ሳይሆን በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ መሆኑ ነው። ስለዚህ ልኬቱ የእማማ ብቻ አይደለም፣ የልጆቻቸውም ነው።

«ጆሮን ከመርሳት ምን አገናኘው?»

ቡና ተፈልቶ ቤቱ ሲንጫጫ ጥግ ላይ ተቀምጠው ፈገግ የሚሉ አባት አሉ። ሲጠየቁ ሌላ ይመልሳሉ፤ ይሳቃል። ቀስ በቀስ ወሬውን ይተዉታል፣ ከዕድርም ይቀራሉ። ያልሰሙትን ነገር ደግሞ ከየት አምጥተው ያስታውሱት? ከ14ቱ ምክንያቶች ትልቁን ድርሻ ከኮሌስትሮል ጋር የሚጋራው የመስማት ችግር ነው። በ2023 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የመስሚያ መሣሪያ ሁሉንም ሰው እኩል እንደማይጠቅም አሳይቷል፤ ለበሽታው ይበልጥ በተጋለጡት ላይ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ የአእምሮ መድከሙን 48 በመቶ ቀንሶታል። መሣሪያው ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ። የዓይን ሞራውም ይታይ፤ ማየት አለመቻልም ከ14ቱ አንዱ ነው።

«ሱዶኩ እሞላለሁ፣ ኪኒንም ከአሜሪካ ይላክልኛል»

ሱዶኩ የሚባለው የቁጥር እንቆቅልሽ የሚያጎብዘው በሱዶኩ ነው። አይጎዳም፣ ይሞላ። በሻንጣ የሚመጣው «የማስታወስ ኪኒን» ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ከነሱ ታዋቂ የሆነው፣ ከዛፍ ቅጠል የሚሠራው ጊንኮ ከ3,000 በላይ አዛውንት ላይ ለስድስት ዓመት ገደማ ተሞክሮ፣ ዲሜንሺያን እንደማይከላከል በ2008 ተረጋግጧል። በዚያ ብር ሁለት ልጆች የግፊት መለኪያ ተዋጥተው ቢገዙ ይሻላል።

«ለእኔ እንኳ ጊዜው አልፏል»

ፊንላንድ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆኑ 1,260 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተጠንተው ነበር። ግማሾቹ አመጋገባቸውን አስተካክለው፣ ስፖርት ሠርተው፣ አእምሯቸውን አለማምደው፣ ግፊትና ስኳራቸውን እየተከታተሉ ኖሩ። ሌሎቹ የተለመደው የጤና ምክር ብቻ ተሰጣቸው። በ2015 በወጣው ውጤት የመጀመሪያዎቹ በማስታወስና በማሰብ ፈተና በልጠው ተገኙ። ሁሉም ጥናቱን ሲጀምሩ ስድሳ ዓመት የሞላቸው ነበሩ።