ሊን ተጊድ፦ ከውሃው ሥር ምን አለ?

ሰሜን ዌልስ ውስጥ ባላ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ ጫፍ ጀምሮ በኮረብቶች መካከል አንድ ጠባብና ረጅም ሐይቅ ተጋድሟል። እንግሊዞች ባላ ሐይቅ ይሉታል። የአገሩ ሰው ግን ሊን ተጊድ ነው የሚለው፤ የተጊድ ሐይቅ ማለት ነው። ከዌልስ የተፈጥሮ ሐይቆች የሚበልጠው የለም። ርዝመቱ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ 1 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጥልቀቱ ግን 42 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሸለቆው የተፈጠረው መሬት በተሰነጠቀበት መስመር ላይ ነው። በበረዶ ዘመን ግዙፍ የበረዶ ግግር በዚያው መስመር እየተንሸራተተ ቦረቦረው፤ በረዶው ሲቀልጥ ውሃ ሞላበት።

የሳይንሱ ታሪክ ይሄ ነው። የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚያወሩት ግን ሌላ ነው።

ድሮ ድሮ አሁን ውሃ የተኛበት ቦታ ከተማ ነበር ይላሉ። ገዥው ራሰ በራው ተጊድ የሚባል ጨካኝ ልዑል ነበር። «በቀል ይመጣል» የሚል ድምፅ በተደጋጋሚ ቢሰማም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የልጅ ልጅ ሲወለድለት ትልቅ ድግስ ደገሰ። ከኮረብታው አንድ በገና ደርዳሪም ተጠርቶ መጣ። ሌሊት ላይ ሰውየው ለአፍታ ዕረፍት ሲያደርግ ትንሽ ወፍ በጆሮው «በቀል! በቀል!» አለችው። ተነስቶ ተከተላት፤ ዳገቱን ይዛው ወጣች። ደክሞት እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ሲነጋ ቁልቁል ቢያይ ቤተ መንግሥት የለም፣ ከተማ የለም። ያለው ሐይቅ ብቻ ነው። በገናው ውሃው ላይ ይንሳፈፍ ነበር።

እኔን ከሁሉም የምትይዘኝ ያቺ በገና ናት። ከተማ ሙሉ ሰምጦ አንድ የእንጨት ዕቃ ብቻ ተንሳፍፎ መቅረቱ፣ ተረቱን አይቶ የመጣ ሰው የተናገረው ያስመስለዋል።

ሌላው ተረት የተጊድ ሚስት የኬሪድወን ነው። ኬሪድወን ጠንቋይ ነበረች። መልኩ እጅግ የከፋ ልጅ ነበራት። መልክ ቢነሳው ጥበብ ልስጠው ብላ በትልቅ ጎላ መድኃኒት ጣደች። አንድ ዓመት ከአንድ ቀን መንተክተክ አለበት። የሚያማስለው ጉዊዮን የሚባል ትንሽ ልጅ ነው። በመጨረሻው ሰዓት ሦስት ጠብታ ተፈናጥሮ አውራ ጣቱ ላይ አረፈ። ልጁ ቢያቃጥለው ጊዜ ጣቱን ላሰ። ጥበቡ በሙሉ ወደ እሱ ገባ፤ ለልጇ የቀረው መርዝ ነው። ኬሪድወን በንዴት አሳደደችው። ጥንቸል ሆነ፤ አዳኝ ውሻ ሆነች። ዓሣ ሆነ፤ ዓሣ በል የውሃ እንስሳ ሆነች። ወፍ ሆነ፤ ጭልፊት ሆነች። መጨረሻ ላይ የስንዴ ፍሬ ሆኖ አውድማ ላይ ተደበቀ። ጥቁር ዶሮ ሆና ጭራ አገኘችውና ዋጠችው። ግን አረገዘች። ሲወለድ ከውበቱ የተነሳ ልትገድለው አልቻለችም፤ በቆዳ ከረጢት አድርጋ ውሃ ላይ ጣለችው። ያገኘው ሰው ግንባሩ ሲያበራ አየና ታልየሲን አለው። ዌልሶች የባለቅኔዎቻቸው ሁሉ አለቃ አድርገው የሚያነሱት ታልየሲን ይሄው ነው።

አዲስ ወሬም አለ። ከባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ጀምሮ ሐይቁ ውስጥ አውሬ አየን የሚሉ ሰዎች ተነስተዋል። ስሙንም «ቴጊ» ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓን የፊልም ባለሙያዎች መጥተው ቢፈልጉ ምንም አላገኙም።

ስለ ባላ ከተማ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በ1800 ሜሪ ጆንስ የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ለዓመታት ሳንቲም አጠራቅማ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሯ ተጉዛ እዚህ መጣች። የፈለገችው በቋንቋዋ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ያገኘችው ከባላው ሰባኪ ከቶማስ ቻርልስ ነው። ቻርልስ በ1804 ለንደን ላይ የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ሲቋቋም ከቀስቃሾቹ አንዱ ነበር። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ የተረጎመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ሙሉውን ያሳተመው ይኸው ማኅበር ነው።

ወደ ውሃው እንመለስ። ዲ የሚባለው ወንዝ በሐይቁ አንድ ጫፍ ገብቶ በባላ በኩል ይወጣል። የድሮ ሰዎች ወንዙ ከሐይቁ ጋር ሳይቀላቀል ሰንጥቆት ያልፋል ይሉ ነበር። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ወዲያው ዓባይና ጣና ትዝ ይሉታል። ማስረጃ አድርገው የሚያነሱት ዓሣዎቹን ነው። ሳልሞን የወንዙ ነው፤ ጉዊንያድ ደግሞ የሐይቁ ነው፤ አንዱ በሌላው ቤት አይገኝም ይላሉ። ውሃው መቀላቀሉማ ይቀላቀላል። ስለ ጉዊንያድ ግን ብዙም አልተሳሳቱም።

ጉዊንያድ ሰውነቱ እንደ ብር የሚያበራ ዓሣ ነው። ስሙም ነጭ ከሚለው የዌልስ ቃል የመጣ ነው። ዘመዶቹ የቀዝቃዛ አገር ዓሣዎች ናቸው። የበረዶው ዘመን ሲያበቃ፣ የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ፣ እዚህ ሐይቅ ውስጥ ተዘግቶበት ቀረ። ከዚያ ወዲህ የትም አልሄደም። ቀዝቃዛውን ጥልቅ ውሃ ይወዳል። ዓይን የማይለያቸውን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ይበላል። በክረምቱ ብርድ ወደ ዳር ወጥቶ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ስለዚህ ባላ ሄዶ ሐይቁ ዳር ላይ የቆመ ሰው ላያየው ይችላል። ከውሃው ሥር የሚኖረው እውነተኛው ተአምር ግን እሱ ነው፤ ቴጊ አይደለም።

ጎረቤቱም ቀላል አይደለም። በብሪታንያ በጣም ብርቅ የሆነ አንድ ቀንድ አውጣ እዚህ ይኖራል። ዛጎሉ ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ሲንቀሳቀስ ከውስጥ ለስላሳ ቆዳ አውጥቶ ዛጎሉን በላዩ ይሸፍነዋል። ያኔ ድንጋይ ላይ የተጣበቀች የዝልግልግ ጠብታ ይመስላል።

ሁለቱም የሚፈልጉት ንጹሕ ውሃ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከእርሻና ከፍሳሽ የሚገባው ማዳበሪያ ሐይቁን ያበለጽገዋል፤ አልጌ የሚባለው የውሃ አረንጓዴ ይፈላል። አልጌው ሞቶ ወደ ታች ሲወርድና ሲበሰብስ የጥልቁን ውሃ ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ጉዊንያድ ደግሞ ላይ ይሞቀዋል፣ ታች ያፍነዋል። በዚህ ላይ በ1980ዎቹ ራፍ የሚባል ባዕድ ዓሣ ሰዎች አስገቡበት። ራፍ የጉዊንያድን እንቁላል ይበላል።

ሐይቁ ረግረጎችንና ሐይቆችን በሚጠብቀው በዓለም አቀፉ የራምሳር ስምምነት ተመዝግቧል፤ ጉዊንያድም በሕግ ይጠበቃል። ሕግ ግን ራፍን ከእንቁላል አያባርርም። ስለዚህ ባለሙያዎች ከ2003 እስከ 2007 ድረስ የጉዊንያድ እንቁላል ሰበሰቡ። ብዙም ሳይርቅ ተራራ ሥር ወዳለው ቀዝቃዛ ሐይቅ፣ ወደ ሊን አሬኒግ ቫውር ወስደው ለቀቁት። ለአሥር ሺህ ዓመት አንድ ቤት ብቻ የነበረው ዓሣ ሁለተኛ ቤት ያገኘው እንዲህ ነው።