የካቶሊክ ማኅበራዊ አስተምህሮ በጅማ፦ አመጣጡና አሠራሩ

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የካቶሊኮች ቁጥር ትንሽ ነው። በዙሪያዋ ወረዳዎች አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ሲሆን ከክርስቲያኑም ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ ይበዛል። በዚህ የተነሣ ቤተክርስቲያኒቱ «ማኅበራዊ አስተምህሮ» የምትለው፣ ስለ ሰው ክብር፣ ስለ ድኻና ስለ ፍትሐዊ ደመወዝ የምታስተምረው ትምህርት እዚህ ወደ ሥራ ሲወርድ ተረጂውም፣ ቆፋሪውም፣ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያዡም የሌላ እምነት ሰው ነው። በሥራው የቆዩ ሰዎች ይህንኑ እንደ መመዘኛ ይዘውታል፦ ዕድሩና ደቦው የተቀበለው ሥራ ይሰነብታል፤ በፕሮጀክት ስም ብቻ የመጣው ገንዘቡ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

በቤተክህነት አወቃቀር ጅማ የጅማ ቦንጋ ሐዋርያዊ ቪካርያት (ገና ሀገረ ስብከት ያልሆነ፣ በጳጳስ የሚመራ ክልል) አካል ናት። ሥርዓተ አምልኮው የላቲን፣ ተጠሪነቱም በቀጥታ ሮም ላለችው ለቅድስት መንበር ነው። በሰሜን የግዕዙን ቅዳሴ የለመደ ካቶሊክ እዚህ ሲመጣ ትንሽ ግር ይለዋል።

አመጣጡ

ሮም እ.ኤ.አ. በ1846 ለኦሮሞ አገሮች አንድ ሐዋርያዊ ቪካርያት አቋቋመች (የዘመኑ ስያሜ ዛሬ የማይነገር ቃል ስላለበት እዚህ አይደገምም)። ከፍራንቸስካውያን ቅርንጫፍ ከካፑቺን ማኅበር ጣሊያናዊውን መነኩሴ ጉልየልሞ ማሳያን ጳጳስ አድርጋ ላከች። መንገዱ ስለተዘጋባቸው ወደ ቦታቸው ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጀባቸው፤ በ1852 በሱዳንና በጎጃም በኩል ዓባይን ተሻግረው ጉዱሩ ገቡ። የተቀመጡበት አሰንዳቦ የጉዱሩው ነው፤ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው አሰንዳቦ ጋር መምታታት የለበትም። ከዚያ ተነሥተው በሊሙ እናርያ፣ በከፋና በጌራ ጣቢያ ተከሉ። በ1859 ከፋ ገብተው በ1861 ተባረሩ። በሕዝቡ ዘንድ ስማቸውን ያስጠራው ግን ክትባቱ ነው። ክንድ እየበጡ ፈንጣጣን ስለሚከላከሉ «የፈንጣጣ አባት» ተብለዋል፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡ የነበረው ሃይማኖት ሳይለዩ ነው። የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በ1867 ፓሪስ ላይ ማሳተማቸውም ከዚሁ ትጋት ይቆጠራል።

በዚያ ዘመን በጊቤ ወንዝ አካባቢ ከነበሩት የኦሮሞ መንግሥታትና ከደቡብ የሚነሣው የባሪያ ንግድ በጅማው ሕርማታ ገበያ በኩል ያልፍ ነበር። ሚስዮኑ ልጆችን በገንዘብ እየቤዠ ነጻ ያወጣና ያስተምር ነበር። ይህ ገበያውን አላበረታታም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ልጁን ከሰንሰለት ለማውጣት በእጃቸው የነበረው መንገድ ግን ያ ነበር። ማሳያ በ1879 በአጼ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከአገር ወጡ፤ በ1884 ካርዲናል ሆነው በ1889 አረፉ። የሥራ ባልደረባቸው ሊዮን ዴዛቫንሼም በዚያው በ1879 ጌራ ውስጥ ሞቱ።

በ1913 ለደቡብ ከፋ የተለየ ሐዋርያዊ አስተዳደር ተቋቁሞ ኮንሶላታ ለተባሉት የጣሊያን ሚስዮናውያን ተሰጠ፤ መሪያቸው ጋውደንሲዮ ባርላሲና በ1916 የገቡት በነጋዴ ስም ነበር። የጣሊያን ወረራ መጥቶ ሄደ፣ ኮንሶላታዎቹም አብረው ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆላንድ ላዛሪስቶች ተተኩ። በ1967 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የገጠር መሬትና ትርፍ ቤት ተወረሰ። የጅማው ቪካርያት እ.ኤ.አ. በ1982 ስሙ ወደ ነቀምቴ ዞረ፤ ጅማ ቦንጋ በ1994 ራሱን ችሎ ወጣ፣ በ2009ም ወደ ቪካርያት ደረጃ አድጎ አቡነ ማርቆስ ገብረመድኅን ተሾሙለት።

ላዛሪስቶቹ የቅዱስ ቪንሰንት ዘጳውሎስ ልጆች ናቸው፤ የጅማውን አሠራር ለመረዳት ከብዙ ድርሳን ይልቅ የእሱ የ1617 ገጠመኝ ይጠቅማል። ሻቲዮን በተባለች የፈረንሳይ መንደር አንድ ቤተሰብ በሙሉ መታመሙን በስብከቱ ቢናገር ሕዝቡ በአንድ ቀን ምግብ ተሸክሞ ጎረፈ። እሱ ያየው ግን ዛሬ የተትረፈረፈው ሲበላሽ ነገ ጾም እንደሚያድሩ ነው። ስለዚህ ሴቶቹን አደራጅቶ ተራ አስያዛቸው። ዕድር ያደገበት ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም።

አሠራሩ

ትምህርቱ በዘመናዊ መልኩ የሚነሣው ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ካወጡት መልእክት ነው። የሰው ክብር፣ የጋራ ጥቅምና ከድኻው ጋር መቆም በየስብከቱ ይሰማሉ። በሥራ ላይ ግን ከሁሉ የሚከብደው ፒዮስ 11ኛ በ1931 ያብራሩት መርህ ነው፦ ታናሹ አካል ራሱ የሚችለውን ታላቁ አይንጠቀው። ቤተሰቡ የሚችለውን ዕድሩ፣ ዕድሩ የሚችለውን ቁምስናው (የአጥቢያው ቤተክርስቲያን)፣ ቁምስናው የሚችለውን የልማት ጽሕፈት ቤቱ አይሠራም። ገንዘብ ያለው ከላይ ስለሆነ ፈተናው ሁልጊዜ ወደ ላይ ይስባል።

ሥራው የሚጀምረው በቤት ለቤት ጉብኝት ነው። ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ አንዱ መንደሩ የሚያውቀው ሰው መሆን አለበት። የሚታየው ምድጃው እሳት እንዳለው፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ለትምህርት የደረሰው ልጅ የት እንደዋለ ነው። መዝገቡ ላይ የሃይማኖት ዓምድ አይኖርም፤ በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት መልእክት የፍቅር ሥራን ሰውን ወደ እምነት ለመሳቢያ መጠቀም እንደማይገባ በግልጽ ጽፈዋል። የቀበሌ ዝርዝርን እንዳለ መገልበጥ የተለመደ ስሕተት ነው። ለቡና ለቀማ መጥተው የቀሩና መታወቂያ የሌላቸው ተከራዮች እዚያ ላይ አይገኙም። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ «ዕድር አለሽ?» የሚለው ነው። ወርሃዊ መዋጮ አጥታ ከዕድር የወጣች ሴት የመጨረሻዋ ድኻ ናት። የአንድ ዓመት መዋጮዋን መክፈል ከስንት ኩንታል እህል ይበልጣል፤ ስትታመም የሚጠይቃት፣ ሲሞትባት የሚቀብርላት ታገኛለች።

ሁለተኛው የሴቶች የቁጠባ ቡድን ነው። ከ15 እስከ 20 ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ማን እንዳልከፈለ አይታወቅም። ሃያ ሴቶች በሳምንት ሃያ ሃያ ብር ቢያስቀምጡ በ50 ሳምንት 20,000 ብር ይሆናል። ሳጥኑ ባለ ሦስት ቁልፍ ነው፤ ቁልፎቹ በሦስት ቤት ያድራሉ፣ ሳጥኑ በአራተኛ ቤት። ቆጠራው በሁሉም ፊት ጮክ ተብሎ ይደረጋል፣ ምክንያቱም ማንበብ የማትችለዋ አባል መዝገቧ ጆሮዋ ነው። ጅማ ላይ ቡድኑን የሚያፈርሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ወለድ ነው፦ ከሌላ አካባቢ የተቀዳ ደንብ ወርሃዊ ወለድ ሲያስገባ ሙስሊም አባላት ዝም ብለው ይቀራሉ። መፍትሔው ብድሩን ያለ ወለድ ማድረግ፣ ለወረቀትና ለመዝገብ ቁርጥ መዋጮ ማውጣት፣ ትርፍ ካስፈለገም አብሮ ነግዶ መካፈል ነው። ሁለተኛው ወቅቱ ነው። ቡና አምራች ቤት ብር የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ የሚደርስ ብድር አይመለስም። የመክፈያውን ቀን ከቡናው ጋር ማስተካከል አንድ መስመር መለወጥ ነው፣ ግን ሳይለወጥ ስንቱ ቡድን ተበተነ!

በክረምቱ የሚቸገሩት ቤቶች ቡናቸውን ገና በዛፍ ላይ እያለ ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣሉ። ቡድኑ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በቆሎ ገዝቶ ቢያከማች ይህን ይከላከላል። ጠንቁ እርጥበትና ነቀዝ ነው። በጅማ አየር በቆሎው ደረቅ መስሎ ሊያታልል ይችላል። በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ተደርጎ ይናጣል፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ፀሐይ ይፈልጋል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት ባለው ጆንያ አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ እያንዳንዱ ለየብቻው ይታሰራል፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ከረጢቱ አንድ ቦታ ቢበሳ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው።

ምንጭ ማጎልበት ከሁሉም በላይ የሚታይ ሥራ ስለሆነ ብዙ ስሕተት ያለበትም እሱ ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ውኃው በሚቀንስበት በበጋው መጨረሻ ነው እንጂ በመስከረም አይደለም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ80 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ሩብ ሊትር፣ በቀን 21,600 ሊትር ይሰጣል። ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ቢታሰብ ለ864 ሰው ይበቃል፤ ይህ የሚሆነው ግን የሌሊቱን ውኃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ከተሠራ ነው። ቁፋሮው የምንጩን ዐይን ተከትሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዐይኑ ፊት ታጥቦ የጸዳ ድንጋይና ጠጠር ይደረደራል፣ ላዩ በሸክላ ጭቃ ይታፈናል፣ ከላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፣ ዙሪያው ይታጠራል። ከምንጩ በላይ በ30 ሜትር ውስጥ መጸዳጃ ቤት አይኖርም፤ ባሕር ዛፍም በአቅራቢያው አይተከልም። ትልቁ ጥፋት የመውጫ ቧንቧውን ከዐይኑ በላይ ማድረግ ነው። ውኃው ወደ ኋላ ተገፍቶ ሌላ መንገድ ይፈልግና ያማረው ሣጥን ደርቆ ይቀራል፣ ምንጩ ከታች ሰው ማሳ ውስጥ ይፈልቃል። የትርፍ ውኃ መውጫውም በዚሁ ምክንያት ከዐይኑ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል።

ፍትሐዊ ደመወዝ በለቀማ ወቅት የሚፈተነው ሚዛኑ ላይ ነው። ለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ ስለሆነ ሚዛኑ በየጠዋቱ ክብደቱ በታወቀ ዕቃ ይፈተሻል፤ የጆንያው ክብደት የሚቀነሰው አንዴ ብቻ ነው፤ ክፍያው በዕለቱ ይፈጸማል። የያዕቆብ መልእክት የተቀማ ደመወዝ ይጮኻል ያለውን የቁምስና ማሳ ያላቸው ሁሉ በራሳቸው ሚዛን መጀመር አለባቸው።

በሕግ በኩል የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት፣ በዕርቅና በፍትሕ ዙሪያ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። አዋጁ የሃይማኖት ተቋማትን ባይነካም የልማት ክንፎቻቸውን ይመለከት ነበርና «ፍትሕ» የሚለው ቃል ከዕቅድ ወጥቶ «አገልግሎት» ተተካ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ክልከላውን አንሥቷል፤ የአስተዳደር ወጪ ግን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል።

የሥራ ቀን መምረጥም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዓርብ የጁምዓ ሰላት፣ እሑድ ቅዳሴ፣ ሐሙስ የጅማ ገበያ ነው፤ ኦርቶዶክሱ ወሩ በገባ በ12 እና በ21 አይቆፍርም፤ በረመዳን ከባድ ቁፋሮ አይታሰብም። የደቦው ቀን ብዙ ጊዜ ሰኞ ወይም ማክሰኞ የሚወድቀው ለዚህ ነው። በምርቃት ቀን በሬ አይታረድም፤ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ሥጋ አይበላምና ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። ዳቦ፣ ቆሎና ቡና ይቀርባል፣ ጾመኛም ካለ አይቸገርም።